መርፌዋ የምትቆምበት ቦታ

እኔ እኮ በመንፈስም በጥንቆላም የማምን ሴት አይደለሁም፣ ሰው ጉድ ሲያወራ «እስቲ በዓይንህ አይተሃል?» ብዬ የማሳፍር ነኝ፣ ይህችን ግን በገዛ ጆሮዬ የሰማኋት ስለሆነ ምን ላድርጋት?

በደርግ ጊዜ ነው። ቢቸና እያለን ወንድሜ ይበልጣል በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሸክላ ማጫወቻ ነበረችው፣ ሸክላው ግን አንድ ብቻ፣ እሱም የተጫረ። ዘፈኑ መሀል ላይ መርፌዋ አንዲት ቦታ ትደርስና ያንኑ ቃል እየደጋገመች እዚያው ትዞራለች። ያን ጊዜ ይበልጣል ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ ቋ፣ ቋ ያደርገዋል፣ አንዱን ጠንከር አንዱን ለስለስ አድርጎ፣ መርፌዋም ዘላ ትቀጥላለች። እኛ ብንመታ አትሰማም። እናታችን እምዬ «እንደ ክፉ በቅሎ ጌታዋን ብቻ ነው የምትሰማ!» ትል ነበር።

ኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ፣ መጀመሪያ ወሬው ይመጣ ነበር፣ ከዚያ ጠፋ። እኔ ሞጣ አግብቼ ስለነበር እምዬን ከነሸክላዋ ወደ እኔ አመጣኋት። እየቆየ ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ፣ ሽማግሌዎችም ባሌን «ልጁ የለም እየተባለ ነው፣ እሑድ ማለዳ መጥተን መርዶውን እናርዳት፣ አልቅሳ ይውጣላት» አሉት። ለእሷ አልነገርናትም።

ጎረቤታችን ነጋዴው ጋሽ ሰይድ አዲስ ቴፕ አምጥተው ነበር። «ሸክላ በተሰማ ቁጥር ይፋቃል፣ ሳያልቅ በካሴት ገልብጪላት» አሉኝ። ከመርዶው በፊት አንድ ደስታ ላሳያት ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ቴፑን ተዋስኩ። አገለባበጡ እንዲህ ነው፣ ቴፑን ከሸክላው ፊት ለፊት ታስቀምጣላችሁ፣ ሰው እንዳይስል፣ ዶሮ እንዳይገባ ቤቱን ዘግታችሁ ትወጣላችሁ። እኔም መርፌዋን አስቀምጬ፣ የቴፑን ቁልፍ ተጭኜ፣ መዝጊያውን ቆልፌ ከእምዬና ከጋሽ ሰይድ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ቤቱ ሌላ በር የለውም።

መርፌዋ ያች ቦታ ስትደርስ ቆመች፣ ዞረች፣ ዞረች።

«ግቢና መርፌዋን በእጅሽ አሳልፊያት» አለች እምዬ።

ልነሣ ስል ለቀቀችና ቀጠለች። «እሰይ፣ ብቻዋን ለመደች!» ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ ገባንና ካሴቱን አጠንጥኜ ከፈትኩት። ዘፈኑ ያች ቦታ ደረሰ፣ ያ ቃል ተደጋገመ፣ ከዚያ፣ እመኑኝ፣ ቋ... ቋ። አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ለስለስ ያለ። ከውጭ ሆነን ይህን አንዳችንም አልሰማንም ነበር።

«እንጨቱ ይሆናል፣ እንጨት ሲደርቅ ይንኳኳል» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ቴፑን ግን አልነኩትም።

«ድገሚው» አለች እምዬ። ደገምኩት፣ ያው ነው። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ «ሽማግሌዎቹን ነገ አትምጡ በሏቸው» አለችን። የእሑዱን ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥቁር ሳትለብስ ኖራ ጥቁር ሳትለብስ ሞተች።

አሁን ልጄ ያንኑ ዘፈን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ሸክላ መርፌ ሲነካው እሳት ውስጥ እንደገባ ጨው ይንጣጣል፣ ካሴትም ቢሆን ይተነፍሳል፣ ይሄኛው ግን ማንም ያልኖረበት ቤት ይመስል ጭር ብሎ ይጀምራል።

«እማ፣ ጥራቱ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፣ ግን የሚቆምበት ቦታ የለውም።»

«እንዳይቆም አይደል እንዴ የተሠራው!» ብላ ሳቀችብኝ።

ይበልጣል አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። የንስሐ አባቴ «ስሙን ለፍትሐት ስጪኝ እንጂ ልጄ» ይሉኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ሳልሰጥ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ ስልኩን እከፍታለሁ፣ ዘፈኑ ያች ቦታ ሲደርስ በጣቴ አቆመውና እጠብቃለሁ። እስካሁን የተንኳኳ ነገር የለም፣ ይንኳኳልም አልላችሁም፣ ብቻ አንድም ቀን መዝጊያውን ቀርቅሬ ሰምቼው አላውቅም።