የኦቦ ገቢሳ የኅዳር ቲማቲም

ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ጉራ አይደለም፣ እውነት ነው። ትምህርቱን ሰባተኛ ላይ ትቼዋለሁ፤ ቢሆንም አምቦ ውስጥ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ሳቅ የውሸት እንደሆነ አንዴ አይቼ እነግራችኋለሁ። የኦቦ ገቢሳንም ገዳይ ከፖሊስ ቀድሜ የለየሁት እኔ ለንሳ ነኝ። አትጠራጠሩ፣ አንብቡ።

ጊዜው 1996 ዓ.ም.፣ ኅዳር ነው። እሑድ ማለዳ ከምኖርበት ከኦቦ ገቢሳ ቤት ብቅ ስል ግቢው አመዳይ ለብሷል። ሣሩ ነጭ፣ የአጥሩ እንጨት ነጭ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሳይቀር ነጭ። በዚያ ሁሉ ነጭ መሀል የድራማ ቡድናችን የከፋይ መጋረጃ ከቲማቲሙ እስከ ጎመኑ ተዘርግቶ ቀይ ቦግ ብሏል። ሲያምር! ቆሜ አየሁት። የኦቦ ገቢሳ ወንድም ኦቦ ቀነዓ ቧንቧው ጋ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ከእጃጂ የመጡ እንግዳ ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ?» አሉኝ።

«ደኅና አደርኩ» ብዬ ኦቦ ገቢሳን ልቀሰቅስ የድራማ ልብሳችን ወደሚቀመጥበት ልብስ ቤት ሄድኩ። በዚያ ቀን እጃጂ ላይ ድራማ ነበረብን፤ መኪናው ሊመጣ ነው። አንኳኳሁ። ዝም። ተጣራሁ። ዝም። ሚስታቸው እትዬ ፍቅርተ መጣች፤ ኦቦ ቀነዓ በሩን በትከሻቸው ገጭተው ከፈቱት።

ኦቦ ገቢሳ የልብስ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ወረቀታቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እግራቸው ሥር ያለው የከሰል ማንደጃ አመድ ሆኗል። ፊታቸው ቀላ ብሎ ለመድረክ የተቀባቡ ይመስላሉ።

«ይበቃል እንጂ ኦቦ፣ ገብቶናል፣ ሞተዋል» አልኳቸው። ልምምድ መስሎኝ ነው።

እትዬ ፍቅርተ እጃቸውን ነካች። ከዚያ ወጥታ የተጣደውን ማንቆርቆሪያ ከእሳት አወረደች። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም፤ እኔ ግን ዓይኔ ሥራ ላይ ስለነበረ ነው።

ኦቦ ገቢሳ ደመወዝ የሌላቸው የድራማ ሰው ነበሩ። የጤና ሰዎች ሲጠሯቸው ስለ ወባ፣ ገበሬዎች ሲጠሯቸው ስለ ቁጠባ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትጠራቸው ስለ ገና ይጽፋሉ፤ እኛን ጭነው ጊንጪ፣ እጃጂ፣ ሸነን ይዞራሉ። የሚጠራቸው ሲጠፋ የሰው ግድግዳ ሰዓት በነፃ ይፈታሉ፤ ግማሹን መልሰው መግጠም አይችሉም። በአምቦ ውሃ ቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ከሁሉ በላይ ግን ጓሯቸው ነው። ሰው ሁሉ ቲማቲሙን ለቅሞ ሲጨርስ የእሳቸው ገና ያብባል። «ወቅቱ አለፈ እኮ» ሲሏቸው «እኔስ መቼ በወቅቴ መጣሁ?» ይላሉ። ብርዱ ሲጠና የመድረኩን መጋረጃ ለቲማቲሙ ያለብሱታል፤ ጠዋት በፀሐይ አድርቀን ጭነነው እንሄዳለን። የእጃጂ ሰው መጋረጃችን ለምን ቅጠል ቅጠል እንደሚሸት እስከ ዛሬ አያውቅም።

አንድ ሌላ ልማድም አላቸው። በድራማ ዋዜማ ልብስ ቤት ገብተው፣ ከውስጥ ቀርቅረው፣ ጮክ እያሉ ቃላቸውን ሲያጠኑ እዚያው ያድራሉ። ማንም አያንኳኳም። ከሰል ይገባላቸዋል፤ ደግሞ ክፍሉ አይታፈንም፣ ምክንያቱም ወደ ጓሮ የሚያየው መስኮት መዝጊያ የለውም፣ ወንፊት ሽቦ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ፖሊስ ወጣት ነበር። «ከሟች ጋር የተጣላ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ጂራ» አልኩ ፈጥኜ። «ትናንት አመሻሽ ላይ "ከእርስዎ ጋር ከምሠራ ልሙት፤ ካልሆነም እርስዎ ይሙቱልኝ" አላቸው። ቃል በቃል ነው የምነግርህ።»

«ጂራ ማነው?»

«ወንድሜ። ተዋናያችን ነው። መናኸሪያው ጋ ተከራይቶ ይኖራል።»

ሄዶ አሰረው። እኔ ምን ላድርግ፣ ያየሁትን መናገር ነው ችሎታዬ። ግን ጂራ ካቴና ገብቶለት በበራችን ሲያልፍ ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ሸነን ያለችው እናታችን የምትኖረው እሱ በሚልክላት ነው። እሱ ከቀረ እኔም ወደ ሸነን እመለሳለሁ፤ እዚያ ደግሞ ለእኔ የታጨ ሰውዬ አለ፣ በቅሎውን ብቻ ነው የማደንቅለት። ስለዚህ እውነተኛውን ገዳይ ማግኘት ነበረብኝ።

ረፋዱ ላይ ኢንስፔክተር ጌጤነሽ መጣች። አጭር ናት፤ ከዩኒፎርሟ ሥር ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ ስትናገር እንቅልፍ የመጣባት ትመስላለች። አብሯት የመጣው ሐኪም «የከሰል ጭስ ነው የገደላቸው» ሲላት ራሷን ነቀነቀችና ሄዳ መስኮቱ ሥር ቆመች። በሽቦው ቀዳዳ ነፋስ ይገባል።

«ይህ ሁሉ ነፋስ እየገባ ከሰል ሰው ይገድላል?» አለች።

እትዬ ፍቅርተን ጓሮ ውስጥ አናገረቻት። እኔ እዚያው ከቆመ ቆርቆሮ ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር።

«ከሰሉን ማን አቀጣጠለው?»

«እኔ። ውጭ ነዶ ሲያበቃ ነው የማስገባው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

«ከዚያስ?»

«የግቢውን በር ዘጋሁ፣ ገብቼ ተኛሁ።»

«አላለቀስሽም።»

«ይመጣ ይሆናል። እስካሁን አልመጣም።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ያለው የቲማቲም ቅጠል የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተዝለፍልፏል። ጎመኑ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እትዬ ፍቅርተ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለብሶ የሞተ ቲማቲም አይቼ አላውቅም» አለችና አረንጓዴዎቹን መልቀም ጀመረች።

ባሏ ሞቶ፣ እሷ ለቲማቲም! እኔ ያኔውኑ ጨረስኩ። ገዳይዋ እሷ ናት።

ኢንስፔክተሯ መጋረጃውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ከዚያ መስኮቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሚስማሮች አየች። ሁልጊዜ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን የሚንጠለጠልባቸው ናቸው፤ ጉንጉኖቹ ግን መሬት ወድቀዋል።

ኦቦ ቀነዓ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። እጃጂ ሱቅ አላቸው፤ ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ ክራቫታቸው አልተፈታም።

«አመጣጥዎ ለምን ነበር?» አለቻቸው።

«ወንድሜን ልጠይቅ። ዳማ ተጫወትን፣ ከዚያ እሱ ወደ ጥናቱ ገባ፣ እኔም ተኛሁ።»

«ማን አሸነፈ?»

«እሱ። ሁልጊዜ እሱ ነው።»

«መጋረጃውን አትክልቱ ላይ ያለበሰው ማነው?»

«ራሱ ነዋ! ትናንት ከመግባቱ በፊት ሲያለብሰው አይቻለሁ» አሉና ክራቫታቸውን ጠበቅ አደረጉ። በሐዘን ውስጥ እንኳ ንጹሕ ሰው ብዬ አሰብኩ።

ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ውስጥ ከጂራ ጋር ስትነጋገር አልነበርኩም። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ፤ ምሳ ይዤ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ በሩም ቀጭን ነው።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በድራማው የነጋዴውን ቦታ ይስጡኝ አልኳቸው፣ አንተ ክራቫት አያምርብህም አሉኝ።»

«ነጋዴው ማነው?»

«የመበለት እህቱን መሬት የሚበላ ሰውዬ ነው። ሲዋሽ ክራቫቱን ያጠብቃል። ከየት አመጡት ብላቸው "እጃጂ ሲያዩት ያውቁታል" አሉኝና ሳቁ።»

«መጋረጃውስ?»

«ልናለብስ ስንል ነው የተጣላነው። አጥሩ ላይ ጥዬው ወጣሁ።»

«ስታለብሱ እንዴት ነው የምታደርጉት?»

«እጥፍ አድርገን፣ ከፋዩን ወደ ውስጥ። ፊቱ አፈር ከነካው የማጥበው እኔ ነኛ!»

«ታጥፎ ጎመኑን ይሸፍናል?»

«ጎመን ምን በወጣው? ጎመን ብርድ ሲነካው እኮ ነው የሚጣፍጠው።»

ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። ዕድሉን አላሳለፍኩትም።

«ገዳይዋ እትዬ ፍቅርተ ናት» አልኳት። «ከሰሉን ያስገባች እሷ፣ ያላለቀሰች እሷ፣ ለቲማቲም ያዘነች እሷ። ወንድሜን ፍቺው።»

«ጨረስሽ?»

«አዎ።»

«እሑድ ጠዋት ስትወጪ ግቢው ምን ይመስል ነበር?»

«ነጭ። ሁሉም ነገር አመዳይ ለብሶ ነበር።»

«መጋረጃውስ?»

«ቀይ። በነጩ መሀል ቦግ ያለ ቀይ።»

«ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ?»

«እኔ ጨምሬ አላውቅም» አልኳት ተቆጥቼ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፏ የለቀቃት መሰለኝ።

ሰኞ ከቀብር ስንመለስ ሁላችንንም ጓሮ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችን። እትዬ ፍቅርተ፣ ኦቦ ቀነዓ፣ እኔ፣ ካቴና ያለበት ጂራ፣ ሁለት ፖሊሶች። ፀሐይ ነበረ፤ ማንም ግን አልሞቀው።

«በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል» ብላ ጀመረች። «የቀረቀሩት ራሳቸው ኦቦ ገቢሳ ናቸው፤ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው የለም። መግባትም አላስፈለገውም። መስኮቱን ከውጭ መድፈን ብቻ ነው።»

«በምን?» አለ ጂራ።

«በመጋረጃችሁ። ወፍራም ከፋይ ነው፣ ነፋስ አያሳልፍም። ነጭ ሽንኩርቱን አውርዶ የመጋረጃውን ቀለበቶች ሚስማሮቹ ላይ አንጠልጥሏል። አንዱን ወገን አሽትቱት፣ ከሰል ከሰል ይላል።»

«መጋረጃው እኮ ቲማቲሙ ላይ ነው ያደረው» አልኩ። ዝም ማለት አልችልም።

«አላደረም። እንዳላደረ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሣሩ ነጭ፣ ገመዱ ነጭ፣ መጋረጃው ቀይ አልሽኝ። አመዳይ መርጦ አይወርድም። ሜዳ ላይ ያደረ ጨርቅ ቢሆን እሱም ነጭ ይሆን ነበር። ወይዘሮ ፍቅርተም በአንድ ቃል ተናግራለች፤ ለብሶ የሞተ ቲማቲም አላየሁም አለች። ሌሎቹን ቀዝቃዛ ቀናት ሁሉ የተረፈ ቲማቲም ያን ዕለት ብቻ ለምን ሞተ? ራቁቱን ስላደረ ነው። መጋረጃው የተጣለበት ውርጩ ከገደለው በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ነው።»

እኔ ጉንጬ ሲግል ይሰማኛል።

«አሁን ማን ጣለው? ጂራ ቢሆን ያጥፈዋል፣ ከፋዩንም ወደ ውስጥ ያደርገዋል። ወይዘሮ ፍቅርተ ብትሆን ጎመን አታለብስም። ይህን የዘረጋው ሰው ቡድኑ መጋረጃውን አትክልት ላይ እንደሚያለብስ ሰምቷል፤ አለባበሱን ግን አያውቅም። መጋረጃውን ከፊት ለፊት፣ ከተመልካች ወንበር ብቻ ያየ ሰው ነው። ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጎመኑንም ቲማቲሙንም አንድ ላይ ሸፈነ።» ዞር አለች። «ኦቦ ቀነዓ፣ ወንድምዎ ሲያለብስ አይቻለሁ ብለውኛል። ያልተደረገ ነገር እንዴት አዩ?»

የኦቦ ቀነዓ እጅ ወደ ክራቫታቸው ሄደ። ጂራ አፉን ከፍቶ ያችን እጅ አያት። እኔም አየሁ። እትዬ ፍቅርተም አየች። የኦቦ ቀነዓ እጅ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«የመበለቷ የእህትዎ የድንቅቱ መሬት ነው አይደል?» አለች ኢንስፔክተሯ በለሆሳስ። «እሑድ ዕለት እጃጂ ሙሉ፣ ደንበኞችዎ ሁሉ፣ እርስዎን መድረክ ላይ ሊያዩ ነበር።»

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

«ድራማውን ተወው ብዬ ለመንኩት» አለ ቀነዓ። «ዳማውን እየተጫወተ "ፊት ወንበር ይዤልሃለሁ" አለኝ። ቲማቲሙን እኔ አለብስልሃለሁ ብዬ ወደ ጥናቱ ሰደድኩት። ራሱን እንዲያመው ብቻ ነበር የፈለግሁት። ከሰል ራስ ያሳምማል አይደል? ታሞ ቢያድር መኪናው ያልፈዋል፣ ድራማው ይቀራል ብዬ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።»

እትዬ ፍቅርተ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ጠየቀችው፦

«ከውስጥ አንኳኳ?»

«አላንኳኳም። ቃሉን ሲያጠና እሰማው ነበር። እኔን ነበር የሚጫወተው፣ በእኔ ድምፅ። ከዚያ ዝም አለ። እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ አለኝ።»

እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ የአንድ ዕቃ ዋጋ እንደ ተነገራት ሰው። ፖሊሶቹ የጂራን ካቴና ፈተው ቀነዓ ላይ አደረጉት። አንድ ካቴና ብቻ ነበር ይዘው የመጡት።

«እትዬ ፍቅርተ» አልኩ ሁሉም ሲወጣ፣ «እኔ እኮ አንቺን የጠረጠርኩሽ...»

«ውሃ አምጪ፣ ለንሳ፤ እግሬን ልታጠብ» አለችኝ። አመጣሁ። እግሯን አጠብኩላት። ማልቀስ እስከዚያም አልመጣላትም፤ እኔ ግን ውሃው ላይ እንዳላንጠባጥብ ፊቴን አዞርኩ።

ጂራን እስከ መናኸሪያው ሸኘሁት። የእጁን አንጓ እያሸ ይሄዳል፣ አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔ ደግሞ ዝምታ ያሳክከኛል።

«ሰማህ አይደል፣ "የነገርሽኝ አንቺ ነሽ" ስትለኝ? በሰው ሁሉ ፊት እኮ ነው። የእኔ ዓይን ባይኖር ያ ኢንስፔክተር ምን ይዛ ትቆም ነበር? እኔ ነኝ ያስፈታሁህ።»

ጂራ ቆመና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አፍሽን ዘግተሽ ብትቀመጪ ኖሮ» አለኝ፣ «መጀመሪያውኑ ማን ያስረኝ ነበር?»