የኖሙ ጥሩምባ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል የቆየው ብሂል፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና። በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ በልብስ ሰፊው ጓዳ ውስጥ የሳቁት ጥርሶች ግን የባዳ አልነበሩም። የእህት፣ የአብሮ አደግና የወዳጅ ጥርሶች ነበሩ።

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ከልብስ መስቀያው ሥር በጎኑ ተኝቶ ነበር። ሰዓት ሠሪ ነው። በጠረጴዛው ላይ ባለ ብዙ ገጽ ዳይሶች፣ በእጅ የተሣለ የዋሻ ካርታ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሾጣጣ ቆብ የደፋ የእንጨት ምስል ይታያሉ። ሰዓት ሠሪው፣ ታናሽ እህቱ፣ ልብስ ሰፊውና አስተማሪው በየእሑዱ እዚህ ተሰብስበው የተረት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። አስተማሪው ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው ይናገራሉ፤ ዕድላቸውን ዳይሱ ይወስናል። ሰዓት ሠሪው ዘወትር የሚመርጠው ኖምን ነበር፤ ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ ከመሬት በታች የሚኖር፣ በቀልዱና በእጁ ብልሃት የሚያድር ፍጡር። ከዚህም የተነሣ ራሱን «ኖሙ» ይሉት ነበር።

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ተነሣ። «የገደለው አስም ነው። የሚገርመኝ ግን አስም ያለበት ሰው ያለ ኢንሄለሩ፣ ያለ ትንፋሽ መክፈቻ መድኃኒቱ፣ ከቤቱ አይወጣም። ኪሶቹን ፈትሻለሁ፤ ምንም የለም።»

ልብስ ሰፊው ጣቱን ወደ አስተማሪው ቀሰረ። «እሱን ይጠይቁት! ‹በሚቀጥለው እሑድ ይህ ኖም ይሞታል› ብሎ የማለው እሱ ነው!»

«በጨዋታው ውስጥ ነው ያልኩት!» አለ አስተማሪው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «በፈጠረህ፣ በጨዋታው ውስጥ!»

መርማሪዋ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ከመናገር ማየት የሚቀናት ሴት ነበረች። አስተማሪውን ወደ ልብስ መለኪያው ክፍል ወስዳ ከመስተዋቱ ፊት አስቀመጠችው።

«ኖም ትጠላለህ አሉ።»

«አልክድም፤ እጠላለሁ። ስንት ዘመን የደከምኩበት ትረካ ነው። ንግሥቲቱ ልትሞት ሁሉም ዝም ሲል ኖሙ ተነሥቶ ይቀልዳል። ለቅሶ ቤት ከበሮ ይዞ እንደ መግባት ነው! ኖም የሚጫወት ሰው አንድ እግሩን ከትረካው ውጭ ያስቀመጠ ሰው ነው።»

«ሲወድቅ ምን አደረግህ?»

አስተማሪው መነጽሩን አወለቀ። «አጨበጨብኩ።»

«ምን አልክ?»

«ኖሙ መሞት ልማዱ ነው። ደረቱን ይዞ ይንፈራገጣል፤ ከዚያ ከካፖርቱ ኪስ ያቺን ጥሩምባውን አውጥቶ ነፍቶ ይነሣል። ጥሩምባ የሚላት ወርቅማ ቀለም የተቀባች አሮጌ የኢንሄለር ማቀፊያ ናት፤ መድኃኒት የሌላት ባዶ ቆሻሻ። ዛሬም ወደ ካፖርቱ ሄዶ ሲፈትሽና ሲወድቅ፣ ‹ዛሬስ ከልቡ ተጫወተ› ብዬ አጨበጨብኩ።»

ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ገባ፤ ሜትሩ እንደ ወትሮው ከአንገቱ ተንጠልጥሏል።

«እመቤቴ፣ ጎራዴ ካስታጠቁት ጀግና መሆን ለማን ይከብዳል? ትንሽ ሆኖ በትልልቆች መካከል መኖር ነው ብልሃት የሚጠይቀው። አብሮ አደጌ ነው፤ ልጅ ሳለን መሮጥ አይችልም ነበር። እኛ ስንሮጥ እሱ ዳር ቁጭ ብሎ ያስቀን ነበር። ኖም የሆነው ያኔ ነው፤ ጨዋታው ኋላ ነው የመጣ።»

በማግስቱ መርማሪዋ የሟቹን ታናሽ እህት በአበባ መደብሯ አገኘቻት። ለወንድሟ ቀብር ነጭ አበባ ታስር ነበር። ክሩን በግንዶቹ ላይ ደጋግማ ጠመጠመችና ጫፉን ከሥሩ ሸጎጠችው።

«አትቋጥሪውም እንዴ፣ ልጄ?»

«ቋጠሮ ግንዱን ይጎዳዋል። እንዲህ ሲሆን አንዴ ሲስቡት ይፈታል።»

«ስለ ኖሙ ምን ታስቢ ነበር?»

«ጭምብል ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ወንድሜን ከጭምብሉ ኋላ ፈልጌ አጣሁት። ከቀብሯ ስንመለስ እንኳ እየቀለደ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ በራሱ ድምፅ እንዲያለቅስላት ፈለግሁ።»

«በመጨረሻስ ምን አደረገ?»

«ካፖርቱን ፈተሸ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።» የክሩ ጥቅልል ከእጇ ወደቀ። «ሳቅሁ፣ እትዬ። ሳቅሁበት።»

መርማሪዋ ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው የሥራ ቤት ሄደች። በቆሻሻ መጣያው ውስጥ የተሰነጠቀ ሰማያዊ የኢንሄለር ማቀፊያ አገኘች፤ መድኃኒቱን የምትይዘው ትንሿ የብረት ብልቃጥ ግን በውስጡ አልነበረችም። ወደ ልብስ ሰፊው ጓዳ ተመልሳ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ከአሮጌ አዝራሮች ሥር በከፋይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተኝቶ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሦስቱን በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የእንጨቱ ኖም ከካርታው ላይ አልተነሣም። ጥቅልሉን ከፊታቸው አስቀመጠችው።

«የኖሙ ጥሩምባ እዚህ ውስጥ ናት። ከካፖርቱ ኪስ ወስዶ የሸሸጋት ከእናንተ አንዱ ነው። መምህር፣ አንተ ‹ቆሻሻ› ያልካትን ቀለሟ እንዳይጫር ብለህ በከፋይ አትጠቀልልም።» ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። «ይህን ጨርቅ አንተ ቆርጠኸዋል?»

ልብስ ሰፊው ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ። «እኔ? በጥርሴ ብቆርጠው እንኳ እንዲህ አላጣምመውም።»

«አየሁ። እንግዲህ የቀረው ክሩ ነው። አልተቋጠረም፤ ተጠምጥሞ ጫፉ ከሥሩ ተሸጉጧል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ አንዴ ሳቢው።»

እህቲቱ ሳበችው። ክሩ ተፈታ፤ ከፋዩም እንደ አበባ ተከፈተ።

«ባዶ እኮ ናት» አለች እህቲቱ። «ጥሩምባውን ሲያጣ ቀልዱን ይተዋል ብዬ ነው። ንግሥቲቱ ስትሞት ያለቅሳል ብዬ። ባዶ ናት!»

መርማሪዋ ጥሩምባዋን አንሥታ ተጫነቻት። ነጭ ጉም ፉሽ ብሎ ወጥቶ በጠረጴዛው ላይ ተበተነ።

«ሰማያዊው ማቀፊያ ተሰንጥቆበት ኖሮ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወደዚህችኛዋ አዛውሮታል። ሰዓት ሠሪ ነው፤ የተሰበረን ነገር በአሮጌ መለዋወጫ ያስነሣል። ለእናንተ አልነገረም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለው። ትንፋሽ ሲያጥረው ወደ ካፖርቱ ሄደ፤ እናንተም የለመዳችሁትን ጨዋታ አያችሁ።»

አስተማሪው እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከጥሩምባዋ ሳይነቅል እህቲቱን ጠየቃት። «ማን እንደ ቀባት ታውቂያለሽ?»

«እሱ ራሱ ነዋ።»

«እናታችሁ ናት። አንቺ ሳትወለጂ። ልጆች ኢንሄለሩን አይተው ሲስቁበት ወርቅ አድርጋ ቀባችለትና ‹ይህ የኖሞች ጥሩምባ ነው› አለችው። ትንፋሹ ሲዘጋ እስኪመለስለት ድረስ አጠገቡ ተቀምጣ ትቀልድለት ነበር። እዚህ በየእሑዱ የምንሰማው ቀልድ ሁሉ የእሷ ነው፤ አንዱም የሱ አይደለም።»

እህቲቱ ቀስ ብላ ቀና አለች። «ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«አደራ ብሎኝ ነበር። ‹ለትንሿ ከነገርናት ታለቅስብናለች› ይለኝ ነበር።»

እህቲቱ ጥሩምባዋን በከፋዩ መልሳ ልትጠቀልል ጀመረች፤ ልብስ ሰፊው ተቀብሎ ጠቀለለላት።

ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠረተም። እህቲቱ በየእሑዱ በሰዓት ሠሪው መቃብር ላይ አዲስ ነጭ አበባ ታኖራለች፤ ክሩ አሁን የተቋጠረ ነው።