ደም የነካቸው ወረቀቶች

የእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት ዋና አዘጋጅ ዶክተር ራግ ከጠረጴዛቸው ሥር ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የፈለጠው የወረቀት መጫኛ ብረት አጠገባቸው ወድቋል። ኢንስፔክተር ሆብዴይ ሲደርስ ሁለቱ ረዳቶቻቸው ሬሳውን መሀል አድርገው ይጨቃጨቁ ነበር።

«ክሊቭ ሁለት ቃል ነው!» ትላለች ሚስ ተርሎ። «መሰንጠቅ ማለት የሆነውና መጣበቅ ማለት የሆነው ጥንት የየራሳቸው ሥር ነበራቸው። ዘመን ድምፃቸውን አቀራርቦ አንድ አስመሰላቸው።»

«ሥሩ አንድ ነው! ዕድሜ ልኬን የጻፍኩት ይኸንኑ ነው» አለ ሚስተር ሊድቤተር። «ራግ ግትር ሽማግሌ ነበር።»

ሆብዴይ መሀላቸው ገባ። «ሰውየው ገና አልቀዘቀዙም እኮ! ትንሽ እንኳ አታፍሩም?»

«ምን የሚመረመር አለ?» ሊድቤተር በሩ ላይ ወደቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ጠቆመ። «ራግ ትናንት ሰድቧታል። ዛሬ ከሬሳው ጋር ብቻዋን ተገኘች። ሽርጧን እዩት!»

የጽዳት ሠራተኛዋ ሚስስ ኖክ ደም የነካውን ሽርጧን ጨበጠች። «ቀና ላደርጋቸው ስል ነው ደሙ የነካኝ፣ ጌታዬ። ይሰቅሉኛል፤ ልጆቼስ?»

ሆብዴይ አመናት። የእሱ ማመን ግን ከገመድ አያድናትም።

የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበ። በክር የታሰሩ ወረቀቶች አገኘ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከጥንት መጻሕፍት የተገለበጠ የክሊቭ ጥቅስ ከነዓመቱ አለ፤ በዘመን ተራ ተደርድረዋል። ወረቀቶቹ ላይ ደም ተረጭቷል፤ ክሩ ግን ንጹሕ ነው። የታሰሩትን ወረቀቶች ማንም ሳያየው ኪሱ ከተታቸው፤ ከዚያ ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠራቸው።

«ዶክተሩ ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር?» አላት ተርሎን።

«የክሊቭን ጥቅሶች ለሁለት ይከፍሉ ነበር። ነገ ማተሚያ ቤት ይገባሉ።»

«ክርክሩ ላይ ማን ተረታ?»

«ሊድቤተር ነዋ! የአገር መሳቂያ ሊሆን ነው።»

ለሚስስ ኖክ አንዱን ወረቀት ሰጣት። ገልብጣ ያዘችው። «ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ። ወረቀት እንዳልነካም ተከልክያለሁ።»

በመጨረሻ ሦስቱንም ሰብስቦ የታሰሩትን ወረቀቶች ከኪሱ አወጣ።

«ዶክተር ራግ ሲመቱ እነዚህ ተበተኑ፤ ደሙም ነካቸው። ክሩ ንጹሕ ስለሆነ የታሰሩት ከግድያው በኋላ ነው። ሌላ ገዳይ ቢሆን ረግጧቸው ይሸሽ ነበር። ይሄኛው ግን የተዘበራረቀ ወረቀት ማየት አልቻለም። ለቅሞ በየዘመናቸው ደረደራቸው። ሚስስ ኖክ ፊደል አትለይም፤ ስለዚህ እሷ አይደለችም።»

«ታዲያ ተርሎ ናታ!» አለ ሊድቤተር።

«ሚስ ተርሎ ብትሆን ለሁለት ትከፍላቸው ነበር። እዚህ ግን መሰንጠቁና መጣበቁ ተቀላቅለዋል።» ሆብዴይ ክሩን በጠሰና ወረቀቶቹን ግራና ቀኝ መለየት ጀመረ። «ይሄ ወዲህ፣ ይሄ ወዲያ...»

«አትለያቸው!» ሊድቤተር ብድግ አለ። «ስንት ደክሜ ነው ያስተካከልኳቸው!»

ሊድቤተር አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን ቃሉ ካፈተለከ በኋላ ነው።

«ለአንድ ቃል ብለህ ሰው ገደልክ። ይባስ ብለህ የልጆች እናት ልታሰቅል!» ሆብዴይ ሊተፋበት ቃጣውና ራሱን ገታ። «ውሰዱልኝ፤ ፊቱን ማየት አልፈልግም።»

ፖሊሶቹ ሲያወጡት ሚስ ተርሎ ዞራ እንኳ አላየችውም። ወረቀቶቹን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«እንግዲህ ወደ ሥራችን። ኖክ፣ ይህን ደም ቶሎ ጥረጊው፤ ነገ ማተሚያ ቤት እንገባለን።»

ሚስስ ኖክ ሽርጧን ፈታ በተዘረጋው እጅ ላይ ጣለችው።

«ተማርን የምትሉት እናንተ ናችሁ» አለች። «እናንተው ጥረጉት።»