የገዲ ትሬንታ ኳትሮ

የፖሊሱ ሻምበል አለምብርሃን የጋራዡን በር ከውስጥ ሲቀረቅሩት ኑርቶ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ነገሩ ሳይጣራ ማንም አይወጣም» አሉ። የድሬዳዋ ቀትር የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል።

ሾፌሩ ገዲ፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ትልቅ የጭነት መኪና፣ ከትሬንታ ኳትሮው ግራ ጎን ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተዘርሯል። አሥራ አምስት ዓመት የደንገጎን ዳገት የወጣውና የወረደው በዚሁ መኪና ነበር። የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ ዚነት ግን ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጡት ቆርጠዋል። ሞተሩን እንዲፈታ የታዘዘው መካኒኩ ኑርቶ ነው። ጠዋት ገዲ «መፍቻህን እንዳታስነካት!» ብሎ ሲጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አሁን ደግሞ ሬሳውን ሊያነሳ ሲሞክር የነካው ደም እጁ ላይ ደርቋል።

«ስትደርስ ሕይወት ነበረው?» አሉት ሻምበሉ ኑርቶን።

«አልነበረውም፣ ጌታዬ። ወላሂ፣ ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው።» ቃሉ ለራሱም ሰበብ መሰለው።

ወይዘሮ ዚነት ያን ሰዓት ጎረቤት ዘንድ ነበሩ፤ ምስክር አላቸው። ሽያጩን የሚያዋውለው የወንድማቸው ልጅ ኩልሚዬ ትናንት ከጅቡቲ የመጣ ነው። ኮቱን እንደቆለፈ ላቡን እየጠረገ ተናገረ።

«ከበሩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ገዲ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ኑርቶ በዚህ በግራው መስኮት ጎትቶ ጣለው።»

ሻምበሉ በግራው መረገጫ ወጥተው ወደ ውስጥ አዩ።

«ኑርቶ፣ በወዲያኛው በር መውጣት ይቻላል?»

«መኪናው ተጠግቶ ስለቆመ ግድግዳው አያስከፍትም፣ ጌታዬ።»

ሻምበሉ ወርደው ወይዘሮ ዚነትን፣ ኩልሚዬንና ኑርቶን ሰበሰቧቸው።

«ኩልሚዬ፣ ይህን መኪና ነድተኸው ታውቃለህ?»

«ይሄን አሮጌ ብረት? ገብቼበትም አላውቅ።»

«ያስታውቃል። የዚህ መኪና መሪ በቀኝ ነው፣ በግድግዳው በኩል። ከመሪው ላይ ያለ ሰው በግራ መስኮት አይጎተትም። ያላየኸውን ነው የነገርከን። ደግሞ የሟቹ መዳፍ ጥቁር ቅባት፣ ግራሶ በግራሶ ነው፤ የጣለውን ሰው ሳይጨብጥ አይቀርም፤ በኑርቶ ሸሚዝ ላይ ግን የእጅ ምልክት የለም። አንተ በዚህ ሙቀት ኮትህን ለምን አላወለቅክም?»

ኩልሚዬ በሩን አየ። ሻምበሉ የኮቱን ቁልፎች ሲፈቱለት ነጩ ሸሚዝ ላይ አምስት ጥቁር ጣቶች ታዩ።

«ኤዶ፣» አለ ወደ አክስቱ ዞሮ፣ «ገዲ ‹እኔንም አብረህ ሽጠኝ› ብሎ ደረቴን ያዘኝ። ከመረገጫው ላይ ገፋሁት። ይሞታል አላልኩም።»

ወይዘሮ ዚነት ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

በሩ ተከፈተ። «ሂድ፣ ነፃ ነህ» አሉት ሻምበሉ ኑርቶን።

ኑርቶ ግን ገዲ አጠገብ ተንበረከከ። «ሰው ጥሩልኝ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ እንቅበረው» አለ። እስከዚያ የፈራው ለራሱ ነበርና፣ ለገዲ ያለቀሰው ገና ያን ጊዜ ነው።