መስኮት ያልተሰበረበት ትምህርት ቤት

ጦርነቱ ካበቃ ስድስተኛው ዓመት ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሰኞ ማለዳ፣ የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ሹም የጽሕፈት ቤቱን የድንጋይ ደረጃ እንደ ወትሮው በሦስት እግር ይወጣ ነበር፤ ሁለቱ የራሱ ናቸው፣ ሦስተኛው ከዘራው። ደረጃው ሠላሳ አራት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ እየቆጠረ ወጥቶታል፤ አንድ ቀን እንኳ ራርቶለት ሠላሳ ሦስት ሆኖለት አያውቅም።

ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መዝገብ ነው። ጠረጴዛው ቀለም ጠጥቶ ጠግቧል፤ የመስኮቱ መስታወት በጦርነቱ ጊዜ ስለረገፈ ቀዳዳው እስከዚያ ቀን ድረስ በካርቶን እንደተሸፈነ ነበር። ጠመኔ ሊለምኑ የሚመጡ መምህራን መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ካርቶን ነው፤ ለራሱ መስታወት ያልገዛ ሰው ለእኛ ምን ሊያደርግልን ነው እያሉ አፋቸውን ሳይከፍቱ ተስፋቸውን ይቆርጣሉ። ስምም አውጥተውለት ነበር፤ “ጋሼ አይሆንም” ይሉታል። በስሙ አልተቀየመም፤ ሐሰት የለበትማ። በዚያ ዘመን ገንዘቡ ከላይ ሲወርድ መጀመሪያ ለጦሩ፣ ቀጥሎ ለድልድዩ፣ ቀጥሎ ለሹማምንቱ መኖሪያ እየተቆነጠረ፣ ለትምህርት የሚደርሰው ጥራጊው ነበር። የተሰጠው በጀት ስምንት ወር ያደርሳል፤ ዓመቱ ግን አሥራ ሁለት ወር መሆኑን አልተወም። በቀሪው አራት ወር የመምህራኑን ደመወዝ ከየት እንደሚያመጣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ አንዳንዴ እሱም አያውቀውም።

ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ደብዳቤ ጠበቀው። የአውራጃው ትምህርት ዲሬክተር ማኅተም አለበት።

“ለአውራጃው ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ሹም፤” ይላል፤ “በአምስት ዓመት ውስጥ ያለ አንዳች ጉድለት፣ ያለ አንዳች ተጨማሪ ጥያቄ ሒሳቡን አስተካክሎ በማቅረብ በአገሩ ካሉት ሁሉ አንደኛ ሆኖ የተገኘው ከወንዝ ማዶ ያለው አሥራ አንደኛ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ክቡር ሚኒስትሩ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ራሳቸው ተገኝተው የሽልማት ሜዳዩን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ለአቀባበሉ የሚያስፈልገውን እንዲያዘጋጁ።”

ሒሳብ ሹሙ “ግድግዳ” የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ ከዘራውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አሥራ አንደኛ ትምህርት ቤት ግድግዳ የለውም። ጣሪያም፣ በርም፣ ደወልም የለውም። አሥራ አንደኛ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በምድር ላይ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጦርነቱ እንዳበቃ የወጣው ደንብ ስልሳ ተማሪ የማይሞላ ትምህርት ቤት በጀት አያገኝም አለ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ አራት መምህራን በአራት መንደር ተበትነው ያስተምሩ ነበር፤ አንዷ ወፍጮ ቤት ጓሮ፣ አንዱ ባዶ በረት ውስጥ፣ አንዱ ወታደር ጥሎት በሄደው ድንኳን፣ አንዱ ዛፍ ሥር። አንዳቸውም ሠላሳ ተማሪ አልሞላላቸውም፤ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን መቶ ስምንት ይሆናሉ። ሒሳብ ሹሙ ደንቡ እንዲሻሻል ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ተመለሰበት። በአራተኛው ብዕሩን አነሣና፣ በአሥረኛው ትምህርት ቤት ሥር አንድ መስመር አስምሮ፣ አራቱን ደመረና “አሥራ አንደኛ” ብሎ ጻፈ። ለመምህራኑ አልነገራቸውም፤ ካላወቁ አይጠየቁም ብሎ ነው። ደመወዛቸውን ሲወስዱ በየግላቸው ቁራጭ ወረቀት ላይ ያስፈርማቸውና ወደ መዝገቡ ራሱ ይገለብጠዋል። ከልዩ መደብ ነው የሚከፈላችሁ ስላላቸው፣ ልዩ የተባለውም ደመወዝ እንደሌላው ሁሉ ስለሚዘገይ፣ ማንም አልጠረጠረም።

አንድ ነገር ግን ተሳሳተ፤ እንደሱ ያለ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። ሌሎቹ አሥሩ ትምህርት ቤቶች በየወሩ ጣሪያቸው ያፈሳል፣ ወንበር ይሰብራሉ፣ በማገዶ ይጣላሉ። የአሥራ አንደኛው ሒሳብ ግን በእጁ የተጻፈ ነውና ልቅም ያለ ነበር። የሌለ ወንበር ተሰበረ ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ እጁ እንቢ አለው። መቼም ዕድሜውን ሙሉ በሰው ዝርክርክ ሒሳብ ጨጓራው ሲላጥ የኖረ ሰው፣ አንድ የራሱ ገጽ ቢያገኝ ሊያቆሽሸው አልሆነለትም።

“ምነው አንድ መስኮት በሰበርኩ!” አለ ለብቻው፤ ካርቶኑን እያየ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። የዚህን ትምህርት ቤት ነገር በዓለም ላይ ከእሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

“ምን ሆንክ? ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። አሥራ አንደኛው ተሸለመ።”

መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ተወችው። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እሱ ግን እንዳልሳቀ ስታይ አፏን በመዳፏ ያዘች።

“ጎርፍ ወሰደው በላቸው፤” አለችው።

“ቤት የሌለው ትምህርት ቤት በጀት አያገኝም። አራቱም በማግስቱ ጉሮሯቸው ይዘጋል።”

“ታዲያ ዝም በል።”

“ዝም ካልኩ ሚኒስትሩ ከነሰንደቃቸው ወንዙን ተሻግረው ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማሉ። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱም፣ እኔም፣ አራቱም አብረን እንጠፋለን።”

“አንተ ሰውዬ፣ ሰባት ወር እኮ ነው የቀረህ!” ድምፅዋ ተሰበረ። “ሠላሳ ዓመት ሊሞላህ ሰባት ወር! ይኼ ሁሉ ዘመን ያ ደረጃ ጉልበትህን ሲበላው ዝም ያልኩት ለዚያች ጡረታ ብዬ አይደለም? አሁን ውኃ ሊበላት ነው?”

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገውና እጇን ያዘ። ደክሞት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደክሞት ነበር።

ሁለት ቀን አሰበበት። ረቡዕ ማለዳ ሁለት መዝገብ በብብቱ ይዞ የዲሬክተሩን በር አንኳኳ።

ዲሬክተሩ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው በጦርነቱ ስለተሰናከለ በግራቸው ይፈርማሉ። እሳቸውም በድካም ከሱ አያንሱም፤ ከላይ ትእዛዝ፣ ከታች ልመና እየወረደና እየወጣ መሐል ላይ ያደቀቃቸው ሰው ነበሩ።

“ክቡር ሆይ፣” አለ ሒሳብ ሹሙ፣ “ስለ አሥራ አንደኛው ሕንፃ የምነግርዎ አለኝ።”

“ቀለም ይፈልጋል? ይቀባ!”

“ሕንፃ የለውም።”

“ፈረሰ?”

“አልተሠራም።”

ዲሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። “መምህራኑስ?”

“አሉ፤ አራት ናቸው። ተማሪዎቹም አሉ፤ መቶ ስምንት። የሌለው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው።” ሁለቱንም መዝገብ ዘርግቶ፣ ጣቱን እየጠቆመ፣ ከአንደኛው ዓመት እስከ አምስተኛው አስረዳ። ዲሬክተሩ ፊታቸው እየቀላ ሄደ።

“ከዚህ ገንዘብ ወደ ቤትዎ የገባ አለ?”

“የእርሳስ ጉማጅ እንኳ የለም።”

“እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው!” ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው መቱት። “ሰርቀው ቢሆን አሳስሬዎት አርፍ ነበር! ለምን እኔን አልጠየቁኝም?”

“ጠይቄ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ደንቡ አይፈቅድም ብለው ፈርመው መለሱልኝ፤ ፊርማዎ ከመዝገቡ ጀርባ ተያይዟል።”

ዲሬክተሩ ገልጠው አዩት። ያ ወደ ግራ የተጋደመ ፊርማ የራሳቸው ነው። ተነሡና ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ውጭ ይመለከቱ ጀመር።

“ለበላይ ጽፌያለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ከፍ ካለው ደጃፍ ደርሷል። የጻፍኩትን መልሼ አልበላም።” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ሚኒስትሩ ወንዙን አይሻገሩም። ውኃው ሞልቷል።”

“ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ክቡር ሆይ።”

“ሞልቷል አልኩ! ሜዳዩ እዚህ አዳራሻችን ውስጥ ይሰቀላል። በሚኒስትር እጅ የተሸለመ ትምህርት ቤት ደግሞ ማንም ደፍሮ አይዘጋውም፤ አራቱ ሰዎችዎ ደመወዛቸውን ያገኛሉ።” ዞር አሉ። “እርስዎ ግን እዚህ ሊቆዩ አይችሉም። አንድ ቀን ይኼ መዝገብ ቢከፈት፣ የጻፈው ሠራተኛ በጤና ምክንያት በፈቃዱ ለቋል ብዬ እመልሳለሁ። ሌላ መውጫ የለኝም።”

“ጡረታዬስ?”

ዲሬክተሩ ዓይናቸውን ከሱ ላይ አነሡ። “ሠላሳ ዓመት አልሞላም። ደንቡ አይፈቅድም።”

ሒሳብ ሹሙ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው “አይሆንም” ሲል ኖሮ፣ ቃሉ ከወዲያ በኩል ሲሰማ እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ገባው። ብዕሩን ተቀበለ፤ ፈረመ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

“ለሚተካኝ ሰው አንድ ነገር ይንገሩልኝ።”

“ምን?”

“በየዓመቱ አንድ መስኮት ይስበር።”

ዲሬክተሩ አልሳቁም። አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ሜዳዩ በተሰቀለ በሳምንቱ፣ ከቀትር በፊት፣ የቤቱ በር ተንኳኳ። ሒሳብ ሹሙ የጎረቤት ባለሱቅ ሒሳብ በቁርጥ ዋጋ ይዞለት ጉልበቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይደምር ነበር። የገባችው ከወንዝ ማዶ የወፍጮ ቤቷ መምህርት ናት፤ ስድስት ዓመት ከወፍጮ ድምፅ በላይ እየጮኸች ስላስተማረች በሰው ሳሎን ውስጥም ቀስ ብላ መናገር አይሆንላትም። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ እጇ ላይ የተጣጠፈ ጋዜጣ ይዛለች።

“ጋሼ፣ ታመው ለቀቁ ሲሉኝ ልጠይቅዎት መጣሁ፤” አለች። “ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብል ያንቀኛልና ልናገረው። ይኼን አዩት?” ጋዜጣውን ዘረጋችው። “አሥራ አንደኛ! ከወንዝ ማዶ ይላል! እኛም እኮ ከወንዝ ማዶ ነን። እግሬ እስኪነቃ የምዞርበት አገር ነው፤ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። የትኛው ኮረብታ ጀርባ ነው ያስቀመጣችሁት?”

“ራቅ ይላል፤” አለ ሒሳብ ሹሙ።

“ራቅ ይላል! አንድ ሳጥን ጠመኔ ስለምንዎት አይሆንም። ሰሌዳ ስል አይሆንም። የልጆቹ ደብተር የዱቄት ከረጢት ወረቀት ነው። እነሱ ግን ሜዳይ! አይቀየሙኝ ጋሼ፣ ሁልጊዜ ለነሱ ያደሉ ነበር።”

ባለቤቱ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች። “እንዴ! ስሚ አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ…”

ሒሳብ ሹሙ ቀና ብሎ አያት። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ናቸውና ዓይኑ ያላትን ሰማች፤ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች፤ መኪናዋንም ጨርቅ ሳታስገባበት ታሽከረክረው ጀመር።

“እሺ ይንገሩኝ፤” አለች መምህርቷ፤ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሎ፤ “እኛ ያላደረግነውን እነሱ ምን አደረጉ?”

ሒሳብ ሹሙ አንድ ጊዜ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ወዲያው መቶ ስምንቱ ልጆች ትዝ አሉት፤ ወፍጮውን የሚያሸንፈው ያ ድምፅዋም ትዝ አለው፤ ምሥጢር የሚይዝ ድምፅ አልነበረም።

“አምስት ዓመት ሙሉ፣” አለ፣ “አንድ መስኮት አልሰበሩም።”

“እኛ መች መስኮት ኖሮን!” አለች መምህርቷ።

ደመወዟ በዚያ ወር በሰዓቱ እንደደረሳት ግን ልትሸሽግ አልቻለችም፤ አዲሱ ሹም ከእርስዎ ይሻላል ብላ እየተቆጣች፣ ቶሎ ይሻልዎ ብላ እየመረቀች ሄደች። ሒሳብ ሹሙ ወደ ባለሱቁ ድምር ተመለሰ። የት እንደደረሰ ስለጠፋው እንደገና ከላይ ጀመረ።

ብዙ ዘመን አልፎ አንድ ትጉህ ሰው የአውራጃውን ትምህርት ቤቶች ታሪክ ጻፈ። ዲሬክተሩ በሞተር ብስክሌት ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ አለበት፤ የድልድዩም አለበት። ለአሥራ አንደኛ ትምህርት ቤት ሁለት ገጽ ሙሉ ተሰጥቶታል፤ ሜዳዩ ተጠቅሷል፤ ሕንፃው የነበረበት ቦታ እስካሁን በትክክል አልተለየም ተብሏል። ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ ከበረቱ፣ ከድንኳኑና ከዛፉ ሥር ማንበብ የተማሩትን ልጆች የሚያነሣ መስመር የለም። መምህርቷም የለችም። ሒሳብ ሹሙ በግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ግማሽ መስመር አለው፤ በጤና ምክንያት ተሰናበተ ይላል።

ጸሐፊው ግን መዝገቦቹን አንድ በአንድ ያገላበጠ ጠንቃቃ ሰው ነበርና አንድ ነገር አላመለጠውም። ሹሙ ከተሰናበተ በኋላ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል፣ አሥራ አንደኛ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሳያሰልስ አንድ መስኮት ማስጠገኛ ጠይቋል፤ ተፈቅዶለታልም። ማጽደቂያው ላይ ያለው ፊርማ በግራ እጅ የተጻፈ ይመስላል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ፣ ከሜዳዩ ወዲህ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሥነ ሥርዓት እየላላ ሳይሄድ አልቀረም ሲል ጻፈ።