ለሣህሉ የተቀመጠው ድርሻ

የአሰብ ወደብ የጉምሩክ ጸሐፊው ሣህሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አድሮ በፋሲካ ማግስት ሞተ። ሚስቱ ከበደች «ሀሰን መርዞ ገደለው!» ብላ ጮኸች። ጎረቤታቸው ባለሱቁ ሀሰን የፋሲካ ዕለት ሸርበት የሚሉትን ጣፋጭ መጠጥ ይዞ መጥቶ ከሣህሉ ጋር አምሽቷል፤ እሱን ግን ምንም አልነካውም። ከቀብሩ በፊት ታሰረ። ከተፈረደበት ስቅላት ነበር የሚጠብቀው።

መርማሪው መቶ አለቃ ብዙነህ ፊቱን እያየ ጠየቀው።

«ሣህሉ ሲበላ የነበረውን ዶሮ ወጥ ለምን አልቀመስክም?»

«ጌታዬ፣ የክርስቲያን እርድ አልበላም። እሱም የእኛን አይበላም። ‹አንተ ሽታው ይበቃሃል› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

በዚያው ምሽት ሣህሉ ቤት ጎራ ብሎ የነበረውን የወደብ ሠራተኛ ወልዴን ታሞ አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘው።

«ሁለቱ ከአንድ ጠርሙስ እየቀዱ ሲጠጡ ደረስኩ። እኔን ጣፋጭ ጥርሴን ያመኛል፤ አልጠጣሁም። ሣህሉ ግን ከዶሮ ወጡ በግድ አጎረሰኝ። አንዲት ጉርሻ! ይኸው እንደምታየኝ ሆንኩ።»

ወደ ከበደች ሄደ።

«እርስዎ ከወጡ በልተዋል?»

«ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ፣ ከእሳት ሳይወርድ። እሱ መርከብ ሲያስራግፍ ዋለ፤ ድርሻውን አስቀመጥኩለት።»

ወንበሩ ላይ የተጣለው ጋቢ የወጥ እድፍ ነበረበት።

«ይህስ?»

«እንዳይቀዘቅዝበት ጠቅልዬበት ነው። መንዝ እናቴ ለአባቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። አመሻሽ ላይ ሲመጣ ገና ለብ ብሎ ጠበቀው» አለች፤ ድምፅዋ ኩራት ነበረበት።

ብዙነህ የወጡን ትራፊ ለሐኪም ላከ።

የሐኪሙ ቃል ሲደርሰው ሁሉንም በሟቹ ቤት ሰበሰበ። ሀሰን በካቴና መጣ።

«ሀሰን ሸርበቱን ጠጣ፤ አልታመመም። ወልዴ አልጠጣም፤ ታመመ። ስለዚህ ጥፋቱ ከሸርበቱ አይደለም፤ ከወጡ ነው። ወይዘሮ ከበደች ግን ከዚያው ድስት በልተው ደህና ናቸው። እሳቸው የበሉት ትኩሱን ነው። ሣህሉና ወልዴ የበሉት ሲቆይ የዋለውን ነው። ሐኪሙ በትራፊው ውስጥ መርዝ አላገኘም። በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ግን ሞልተውበታል። ወጥ ሲፈላ አንዳንዶቹ ይተርፋሉ። ብርድ ያቆማቸዋል፤ ለብታ ያራባቸዋል።» ጋቢውን ከወንበሩ አነሳ። «መንዝ ብርዱ ጋቢውን ዘልቆ ይገባል። አሰብ ግን ከውስጥም ከውጭም ሙቀት ነው።»

ከበደች ቀስ ብላ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ?»

«እንዲጠግብ ብለው ነው ያደረጉት።»

ካቴናው ተፈታ። ሀሰን ግን አልወጣም።

«ሀሰን… ገዳይ አልኩህ» አለች።

«እቴ፣ ሲቀበር አልነበርኩም። አሁን ላልቅስለት?»

ከበደች በተቀመጠችበት የለቅሶ ምንጣፍ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችው።