የንጉሥ ዘርዓም የጡት ልጅ

ፀሐይ ጥቁር ቀለበት አጥልቃ በናዝራ ላይ በወጣችበት ዕለት የዝናቡ ዕንቁ ከመቅደሱ ተሰረቀ። ሌባው ባዳ ቢሆን ባልከፋ! የንጉሡ የጡት ልጅ ነበር።

ሻለቃ ቮርማክ ከጨው ባሕር ማዶ ከወራሪ ጦር ጋር መጥቶ፣ ቆስሎ ተማረከ። ደጉ ንጉሥ ዘርዓም አዘነለት፤ በአገሩ ሥርዓት አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ አጠባውና ልጁ አደረገው። በናዝራ ሕግ የጡት ልጅን ደም ያፈሰሰ የአገሩን ደጅ ዳግመኛ አይረግጥም። ቮርማክ ግን ሲያገግም ወደ ጦሩ ተመለሰና በተማረው መንገድ እየመራ አመጣባቸው። ባጎረሱ እጅ መነከስ ይሉሃል ይኼ ነው! ጌቶቹም አገረ ገዢ አድርገው ሾሙት። ዕንቁውን ግንቡ ውስጥ ቆልፎ፣ «ዝናብ የፈለገ ይገዛልኝ» አለ። ሕፃናት በውኃ ጥም አለቁ።

የንጉሡ ልጅ ትርሲት ከጓደኛዋ ከጓንጉልና ከክንፋም ነብሯ ጋር ዘመተች። ነብሩ በእሳት ሸለቆ ላይ በጥይት ወደቀ። ጓንጉል የግንቡን በር ይዞ ዘቦቹን ሲመክት ሞተ። እሷ ብቻዋን ገዢው ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ዕንቁውን ይስጡኝ። በአባባ ሞት!»

«የማን አባባ? ርቦኝ ነው ማሩን የላስኩት!» ብሎ ሳቀ ቮርማክ። «ደግሞ አትነኪኝም፤ ሕጋችሁን አውቀዋለሁ።»

«እርስዎ ባያምኑበትም እኛ አምነንበታል» አለች እያለቀሰች። ጦሯንም ደረቱ ላይ ሰካችው። ገዢው ማመን አቅቶት ዓይን ዓይኗን እያየ ሞተ።

ዕንቁውን ይዛ ወጥታ ወደ ሰማይ ስታነሣው ዝናቡ ወረደ። ናዝራ በእልልታ ቀለጠች። ትርሲት ከተማዋ በር ስትደርስ ሽማግሌው አባቷ ከመኳንንቱ ጋር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ቀሚሷን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄ፣ የማን ደም ነው?»

ጎንበስ ብላ ቀሚሷን አየች።

«የዘብ ነው በይኝ» አለ አባቷ። «በሞቴ፣ የዘብ ነው በይኝ!»

ትርሲት ዕንቁውን እግሩ ሥር አኖረች።

«ለእርስዎ እንዴት እዋሻለሁ፣ አባባ? የጋሼ ነው።»

ማንም በሩን ሊነካ አልደፈረም። ንጉሡ ራሱ እየጎተተ ዘጋው። ሕዝቡ በዝናቡ ሲጨፍር፣ እሱ አመድ ነስንሶ ለሁለት ልጆቹ ሐዘን ተቀመጠ።